አራት መቶ ሰባት

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤ ሲልቻር ዝናብ አለ፤
የፑያ ኮምፒውተር «አልተቻለም» አለ።
አንዲት ቀይ መስመር ናት፣ አራት መቶ ሰባት፤
ፍቺዋ «ማን ልበል?» ነው፣ ለሚያንኳኳባት።
ስሙን ነገርናት፣ የይለፍ ቃሉንም፤
«ማን ልበል?» አለችን፤ አላመነችንም።

የዶርሙ ኔትወርክ እልፍኝ አስከልካይ አለው፣
ፕሮክሲ፣ ሽማግሌው ፑርካያስታ የተከለው።
ጋዜጣ ያስገባል፣ የፈተና ውጤት፣
የባቡር ትኬትም፣ የክሪኬት ነጥብም፤
ፋይል የሚጋራ ግን፣ ደጅ ቢጠና ክረምት፣
ከበረንዳው አያልፍም።
አልፈርድበትም እኔ። ስድስት መቶ ተማሪ፣ አንዲት ቀጭን መስመር፤
ሁሉም ፊልም ቢያወርድ፣ ማን ኢሜይል ይልክ ነበር?

ፑያ ግን የሚሻው ፊልምም አልነበር።
አባቱ፣ ከሉንግሌይ ማዶ፣ በኮረብታ መንደር፣
አዋጅ ነጋሪ ነበር፤
ሲመሽ ከጉብታው ወጥቶ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፦
«ነገ መንገድ ጠረጋ ነው! ከየቤቱ አንድ ሰው!
የዛውማ አሳማ ጠፍቷል! ያየ ወዲህ ይበለው!»
የአጎቱ ልጅ ቀድቶት ነበር፣ ሠላሳ ምሽት ሙሉ።
ሰውየው በሚያዝያ አረፈ። በሰኔ የፑያ ዲስክ
ሦስቴ ቀጭ ቀጭ ብሎ ሞተ፣ ከነቃሉ።

አሁን አይዛውል ላይ ያ ልጅ ፋይሉን ከፍቶ ይጠብቃል፤
እኛ ከዚህ እንጣራለን፤ ግድግዳው መሃል ይስቃል።

ወደብ ቀየርኩ። ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ አንድ፦ ዝግ።
ሰማንያ፦ ክፍት ነው፤ ግን ፈታሹ ኪስ ያራግፋል ያለ ወግ።
አራት መቶ አርባ ሦስት፦ ባንኮች ተሸፋፍነው የሚያልፉበት፤
እኛም ፊታችንን ሸፍነን ከኋላቸው ተሰለፍንበት።
ተንቀሳቀሰ!
ፑያ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ዘለለ፤ የወንበሩ እግር ተሰበረ።
ዐሥር በመቶ፤ አርባ፤ ሰማንያ፤
ዘጠና አንድ ላይ ሲደርስ
አይዛውል መብራት ጠፋ።

እሱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ዝም አለ።
እኔ መዝገቡን ማንበብ ያዝኩ፣ የተመለስንባቸውን በሮች ዝርዝር፤
ከነዚያ ሁሉ መሃል አንድ አድራሻ፣ በአሥር የሚጀምር፤
በየሁለት ደቂቃው እንጠራዋለን፣
በየሁለት ደቂቃው አስከልካዩ ይመልሰናል።
በአሥር የሚጀምር! የግቢው ነው እኮ! የዚሁ ፎቅ!
የጎረቤትን ሰላምታ እንኳ በአማላጅ ስንልክ ኖረናል
ሳናውቅ።
ከቅንብሩ ግርጌ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፦
«ለቅርብ አድራሻ ፕሮክሲ ይቅር»።
ምልክት አደረግሁባት።

የቀረችው ዘጠኝ በመቶ በአርባ ሴኮንድ ገባች።

ክፍል ሁለት መቶ አሥራ አራት። ቶይባ።
አምና ለገና ፑያን ተከትሎ እዚያ መንደር የሄደ፣
ቅጂውን በፍላሽ ይዞ የመጣ፤
ኋላ በአንድ በተቃጠለ የሻይ ማንቆርቆሪያ ተኳርፈው፣
ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ ሁለቱም የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያነቡ፣
ሰባት ወር፣ ያንኑ ያረጀ ማስታወቂያ።
ሰባት ወር ሙሉ ግን ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ፣
ያን ፋይል ከፍቶ አስቀምጦታል፣
ለማን እንደሆነ ሳይናገር።

ፑያ ድምፁን አላጫወተውም።
ተነሳ፤ ጫማውን ፈልጎ አጣ፤ ትቶት ወጣ።
እኔ ከበራችን ሆኜ አያለሁ።
አንኳኳ።
«ማን ልበል?» አለ አንድ ድምፅ፣ እንቅልፍ ያልነካው።
ስሙን አልተናገረም። እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣
«የዛውማ አሳማ ጠፍቷል» አለ።

ከውስጥ የመጣው ሳቅ ይሁን ሳል ዝናቡ አላሰማኝም፤
ብቻ መቀርቀሪያው ቋ አለ።